ሐረጎን ስወጣ

ከኮምቦልቻ ካፖርት ደርቤ ስነሳ
ረዳቱ ይስቃል፦ «ጋሼ፣ አልደረስን እኮ ገና ጦሳ!»
ዝም እላለሁ።
ኪሴ ውስጥ ካርድ አለ፣ ጥጉ የተበላ፣
አንድ ረድፍ ክኒን አለ፣ ስድስቱ ባዶ፣ አራቱ የሞላ።
በእጅ የያዙትን ሰው ሁሉ «ምንድን ነው?» ይላል፤
የለበሱትን ግን አይቶ፣ ስቆ ያልፋል።

አሥራ አንድ ዓመት ሽመና ክፍል፣ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ሠራሁ፤
አንድ ቀን ከፈረቃ ስወጣ ጥጡን ነቀልኩና ምንም አልሰማሁ።
የቦርከናን ውሃ አልሰማሁ።
ልጄ «አባ» ስትለኝ ሰማሁ፣
ግን ከሩቅ፣ ከሰው ቤት እንደሚመጣ ድምፅ።
እንቅልፍ ሌሊት ዘጠኝ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል፤
የጣራውን ምስማር ስቆጥር፣ መቶ አርባ ሁለት፣ ይነጋል።

አለቃዬ «ወንድ አይደለህ? ቻለው!» አለኝ።
ቻልኩት። ችዬ ችዬ ራሴን አጣሁት።
እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ውሃው በረዶ፣ እጇ እሳት፤
አጎቴ ሼኹ ዘንድ ወሰደኝ፤ መዳፋቸው ግንባሬ ላይ ቆየ፣ ብዙ ሰዓት።
በዚህም በዚያም አላላግጥም፤ ወደውኝ ነው።
ኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሼኹ ናቸው፦
«አብሽር ልጄ፣ ዱዓው አይቋረጥም።
ግን እግርህ ቢሰበር እኔ ዘንድ ብቻ ትመጣ ነበር?
መድኃኒቱንስ የፈጠረው እሱ አይደለም?» ያሉኝ።

ደሴ ጉም ነው። ከፒያሳ ወዲያ ሰው ከሰው አይለይም፤
ካፖርቴ እዚህ ልክ ነው፤ ማንም አይስቅብኝም።

«አራጋው እንድሪስ!» ትላለች ሲስተር ዘምዘም፣ በበሩ ብቅ ብላ።
የመጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝን አልረሳም፦
«ሞት ያምርሃል?»
እንዲሁ። «ትኩሳት አለህ?» እንደማለት።
ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን ሲዞረው የከረመውን ቃል።
«አዎ» አልኩ። ጣራው አልተደረመሰም።
ብዕሯን አስቀመጠች። ወንበሯን ትንሽ ሳበች።
«ስሙ ድባቴ ይባላል» አለች፤
ስም ያለው መሆኑ ራሱ ትንሽ አሳረፈኝ።
«ይሄ ክኒን እንደ ራስ ምታቱ አይደለም፣ አይቸኩልም፤
አራት ሳምንት፣ ስድስትም። አፍህ ይደርቃል፣ ሆድህ ይረበሻል፤ እንዳትጥለው።
ተሻለኝ ብለህም በራስህ ፈቃድ እንዳትተወው።
በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣህ ታወራኛለህ።»
«ምን?»
«የሆነውን። ምንም ካልሆነ፣ ምንም አለመሆኑን።»

የመጀመሪያው ክኒን አልተስማማኝም፤ ሐኪሙ ለወጠልኝ።
አንድ ሐሙስ ደግሞ ሐረጎ መሃል «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ፣ እንጃ ምን እንደነካኝ።
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ ሲኖትራክ አየሁ፣
ሲሚንቶ ጭኖ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ፣ እያጨሰ፣
ከእግረኛ ባልበለጠ ፍጥነት ኩርባውን ጨረሰ።
«ሰነፍ» ያለው የለም። ጭነቱን ሁሉም ያየዋላ።
ተነሣሁ፤ ሌላ መኪና ለመንኩ፤ አርፍጄ ገባሁ፤
ሲስተር አልተቆጣችም።

ድኜ ይሆን? አላውቅም።
አንዳንድ ጠዋት አልጋው ዛሬም ይይዘኛል።
ትናንት ግን «የድንች ወጡ ጨው አነሰው» አልኩ፤
ከድጃ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች፣
ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች፤
ሰባት ወር ሙሉ ጣዕም ነቅፌ አላውቅማ።

ዛሬ ቁልቁል ስንመለስ፣ ካፖርቴን ጉልበቴ ላይ አጥፌ፣
ረዳቱ መልሴን ሰጥቶኝ አልሄደም። ጎንበስ አለ፦
«ጋሼ... ያኔ ካርድህ ወድቆ ሳነሣልህ አንብቤው ነበር።
ወንድሜ ነው። ሦስት ወሩ። መጋረጃ አያስከፍትም።»
ካርዱን አውጥቼ ሰጠሁት፣ እንዲያየው።
«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው ቀጠሮዬ፤ ይዘኸው ና።
ካፖርት ይልበስ በለው፤ እዚያ ይበርዳል።»